የእንግዳዋ መንገድ ከኮምቦልቻ እስከ ቦሩ ሜዳ

ከባሕር ማዶ ወደ ወሎ ለሚመጣ እንግዳ ምክር አይጠፋም። ውኃውን አፍልተህ ጠጣ ይሉታል። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ ስትወጣ የምትደርበው ያዝ፣ በግራ እጅህ አታቀብል፣ ድልድይና ወታደር ፎቶ አታንሣ ይሉታል። ሁሉም ደህና ምክር ነው። የሁሉም አውራ የሆነውን ግን የሚነግረው የለም። የወሎ ሰው ቤት ገብተህ ከመቀመጥህ በፊት መሄጃህን ተናገር። አንድ ጊዜ ከተቀመጥህ ወዴት ነህ ብሎ የሚጠይቅህ አታገኝም። እንግዳን ወዴት ነህ ማለት ተነሥ ማለት ነው፤ ተነሥ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ይህን ያልሰማች አንዲት እናት በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ በአንድ ሰኞ ኮምቦልቻ ላይ ልትቀር ነበር። ያልቀረችው በሱልጣና ነው።

ሱልጣና በደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ ልጆቿን አሳድጋ የዳረች ሴት ናት። በዚያ ዓመት በቀበሌዋ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ፊደል ትቆጥር ነበር። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ጭንቀቷ ግን ከጉብዝናዋ ይበልጣል። ሰማዩ ሲጠቁር ጎርፍ፣ ሲጠራ ድርቅ ይታያታል። ልጇ መዲና የወለደች ጊዜ ምጡ ከወላዷ ይልቅ እሷን ጥሏት፣ አዋላጇ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስተኝታቸው ነበር ይባላል። ጎረቤቷ አልጣሽ፣ የሰው ምጥ እየተዋስሽ ታምጫለሽ እያለች ትስቅባታለች።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ሳምንት አልጣሽ እግሯን አሟት፣ ሱልጣና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስዳት ነበር። ቁስሉን አጥባ ያሰረችላት አንዲት ወጣት የቡልጋሪያ ሐኪም ናት። አማርኛውን የለመደችው ከበሽተኞቿ ስለሆነ፣ "አብሽሪ፣ ወላሂ ትድኛለሽ" ትላለች። ነፍሰ ጡር ናት። አልጣሽ እግሯን ስታይ ሱልጣና የሐኪሟን ሆድ ታይ ነበር። ሆዱ ወርዷል፤ ቀኗ ደርሷል። ሐኪሟ ቀና ባለች ቁጥር እጇ ወደ ወገቧ ይሄዳል። ሱልጣና ስትወጣ ዘበኛውን ጠየቀችው። ባሏ አሰብ ወደብ ሥራ ላይ መሆኑን፣ እናቷ ግን ከአገሯ ልትመጣ እንደሆነ ነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱልጣና እህል አልበላ አላት። ዘመድ በሌለበት አገር፣ እናት ሳትደርስ፣ የመጀመሪያ ልጅ እንዴት ይወለዳል እያለች አልጣሽን አሰለቸቻት።

በዚያ ሰኞ ገበያዋን ለአልጣሽ አደራ ብላ፣ ለእህቷ ለዐሊማ የተፈጨ በርበሬ ይዛ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ዐሊማ ታላቋ ናት፤ የሐጂ የሱፍ ባለቤት ናት። ቤታቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ በሚያመጣው መንገድ ዳር ነው። ሐጂ የሱፍ ደጃቸው በእንግዳ የታወቀ፣ ዱአቸው ከሩቅ የሚፈለግ ሽማግሌ ናቸው።

ሱልጣና ገባ ስትል፣ የክብር እንግዳ በሚቀመጥበት ምንጣፍ ላይ አንዲት ፈረንጅ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ከስድሳ አያንስም። ሽበቷን በሻሽ አስራ፣ በዚያ የኮምቦልቻ ሙቀት ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለብሳ፣ ላብ ያጠምቃታል። ከፊቷ ወተቱ፣ የማር ብርዙ፣ ቂንጬው፣ ሥጋው ተደርድሯል። ሱልጣናን ስታይ በአፏ የያዘችውን ቶሎ ውጣ ፈገግ አለች። ፈገግታው የጠገበ ሰው ፈገግታ ነው።

ዐሊማ እህቷን ወደ ጓዳ ጎትታ ነገሩን አወራቻት። ጠዋት አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ ከግራሩ ሥር ቆማ ወዲያና ወዲህ ስታይ አገኟት። ፀሐይ ሊመታት ነው ብለው አስገቧት። ገና ስትገባ ጭንቅ ሆነ፤ የማን ሥጋ ትበላለች? እስላም እንዳይሏት ፈረንጅ ናት፤ ክርስቲያን እንዳይሏት፣ ከዚያ አገር የሚመጡት ሃይማኖት የላቸውም ይባላል። ሐጂ የሱፍ በመጨረሻ ክርስቲያኗን ጎረቤት ወርቅነሽን አስጠሩ። ወርቅነሽ በራሷ ድስት ምንቸት አብሽ ሠርታ አመጣች። ቤቱም ክብሩ እንዳይቀንስ ሙክት አረደ። ሴትዮዋ ከሁለቱም በላች።

"ማሻ አላህ፣ መግደርደር አታውቅም" አለች ዐሊማ።

"ወዴት እንደምትሄድስ ጠየቃችኋት?"

ዐሊማ እህቷን ገልመጥ አደረገቻት። "ኧረ በአላህ። ገና ዛሬ የገባችን እንግዳ?"

በኋላ እንደ ተሰማው፣ የሴትዮዋ ስም ራድካ ነው። ከአገሯ ስትነሣ፣ ቀደም ሲል ኢትዮጵያ የነበረ አንድ የአገሯ ሰው መክሯት ነበር። ብርዱን ተጠንቀቂ፣ ካፖርትሽን እንዳታወልቂ፤ ምግብ ሲያቀርቡልሽ እንቢ አትበይ፤ አትቸኩይ፣ ተቀባዮችሽ ጊዜውን ራሳቸው ያውቁታል ብሏታል። እሷም ምክሩን እንደ መድኃኒት ሳታጓድል ይዛዋለች። አውሮፕላኑ ከተጠበቀው ቀን ቀድሞ ይዟት ስለመጣ፣ የልጇ መኪና በማግስቱ ነበር የሚመጣው። እሷ ግን ሐጂ የሱፍን ልጇ የላከቻቸው ተቀባይ አድርጋ ወሰደቻቸው። እንግዲህ እነሱ እስክትናገር ይጠብቃሉ፤ እሷ እስኪነሡ ትጠብቃለች። በዚህ ዓይነት እነሱ ሲያበሉ እሷ ስትበላ፣ ልጅየው ተወልዶ ጥርስ ሊያበቅል ይችል ነበር።

ሱልጣና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። የሴትዮዋ ዓይን መንገዱ ላይ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ትልና ተመልሳ ትቀመጣለች። ጥቂት ቆይታ መላ የመጣላት መሰለ። ሻንጣዋን ከፈተችና ከልብሱ መካከል በነጭ ክር የተሠሩ ነገሮች አወጣች፤ ጡጫ የምታህል ቆብ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ካልሲዎች። አንድ በአንድ እያነሣች አሳየች። ከዚያ ወደ መንገዱ ጠቆመች። ዐሊማ ግን እንግዳዋ ስጦታ አወጣች ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፣ ግንባሯን አስነክታ አመሰገነች፣ ከመደርደሪያው ላይ ከሲኒዎቹ አጠገብ በወግ ደረደረቻቸው።

"የልጅ ልጅ እይ ማለቷ ነው" አለች፤ ደስ ብሏታል።

ራድካ ፊቷ ቀላ። ስጦታ መልሱልኝ አይባል ነገር፤ ዓይኗ ብቻ ካልሲዎቹን ተከትሎ ሄዶ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ሱልጣና ያንን ዓይን አየችው። እንደዚያ የሚያይ ሰው ሆዱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ደግሞም በዚህ አገር ነፍሰ ጡር የሆነች ፈረንጅ ከአንዲት በስተቀር የለችም።

"እትዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ያቺ የቦሩ ሜዳዋ ሐኪም፣ እናቷ ናት።"

ዐሊማ ደረቷን ደቃች። ቆቡንና ካልሲዎቹን ከመደርደሪያው አውርዳ ሻንጣው ውስጥ መለሰች፤ ሴትዮዋም እጇን ይዛ ሳመቻት። ነገሩ ግን ከዐሊማ እጅ በላይ ነው። ሐጂ የሱፍ ከደጅ ጥላው ሥር መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሱልጣና ለእሳቸው ቀድማ ቃል አውጥታ አታውቅም። ሄዳ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሐጂ ሳያቋርጡ ሰሟት።

"ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም፣ ልጄ። እንግዳዋ ካልተነሣች ግን እኔ አላስነሣትም። አባቴ በዚህ ደጅ ሰው ወዴት ሲባል አላሰማም፤ በእኔ ዘመን አይጀመርም።"

"ሐጂ፣ ሆዱ ወርዷል እኮ።"

"የማን?"

"የልጅቱ።"

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉት። ልባቸው ከሱልጣና ጋር እንደሆነ ያስታውቃል፤ ወጉ ግን አንገታቸውን ይዟቸዋል። እንግዳዋ ራሷ ልሂድ ካለች አህያ ጭኜም ቢሆን አደርሳታለሁ አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ሱልጣና ከግቢው መካከል ቆመች። ወደ ደሴ የሚወጣው አውቶቡስ ሊደርስ ነው። እሱ ካለፈ የሚቀጥለው ሲመሽ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ኬላው ይዘጋል። ቋንቋ የሌላት ሴት በምን አፏ ልሂድ ትበል? ሱልጣና ስትጨነቅ ጭንቀቷ ብዙ ጊዜ እግሯን ያስራት ነበር። ያን ቀን ግን ፈታው። ከዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ተነሥተው እንደሚሄዱ አሰበች። ሄድሁ ብሎ የሚወጣ የለም። መንገደኛው ከሐጂ ፊት ተንበርክኮ መዳፉን ይዘረጋል፤ መርቁኝ ይላል። የተዘረጋ እጅ ዱአ አይከለከልም። ዱአ የተቀበለ ሰውም ተመልሶ አይቀመጥም።

ገብታ ራድካን በእጇ ይዛ አወጣቻት። ሐጂ ፊት ስትደርስ ተንበረከከች፤ ራድካም እያየቻት ተንበረከከች። ሱልጣና የራሷን መዳፍ ዘረጋች፤ ከዚያ የራድካን ሁለት እጆች ገልብጣ ወደ ላይ ዘረጋችላት። ራድካ ደግሞ ሌላ ምግብ ሊመጣ ነው ብላ ደነገጠች፤ እጇን ግን አላጠፈችም።

"መርቁን" አለች ሱልጣና።

ሐጂ የሱፍ የተዘረጉትን እጆች አዩ፣ ሱልጣናን አዩ። ጢማቸው ሥር ሳቅ መጣ።

"መንገዱን የቅን ያድርግላችሁ" አሉ። "የታሰረውን ይፍታ። እናትን ከልጇ በሰላም ያገናኝ፤ ለመልሱም በሰላም ያብቃ።"

ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ወርቅነሽ ሳትቀር ከአጥሩ ማዶ አሜን አለች።

አሁን ደግሞ ራድካን አጥብቆ ይዟት የነበረው ወግ ያስሮጣት ጀመር። ሐጂ ሻንጣውን በራሳቸው እጅ አነሡ። ዐሊማ ስንቅ ቋጠረች። አንዱ አውቶቡሱን ሊያስቆም ወደ መንገዱ ሮጠ። የተመረቀ መንገደኛ ደጃፍ ላይ ከዘገየ ምርቃቱ ይበርዳል ይባላልና፣ ራድካ ምን እንደ ተደረገ ሳይገባት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ተገኘች።

በመንገድ ላይ ሱልጣና ያለ ቋንቋ ታስተምራት ጀመር። ራድካ ለአንድ ሽማግሌ ዳቦ በግራዋ ልታቀብል ስትል፣ ሱልጣና እጇን ይዛ በቀኝ አስለወጠቻት። የቦርከና ድልድይ ሲመጣ ካሜራዋን ስታወጣ፣ ሱልጣና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሸፈነችውና ሁለት የእጅ አንጓዎቿን አጋጥማ የታሰረ ሰው አሳየቻት። ራድካ ካሜራውን ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ የሱልጣናን ፊት ሳታይ ምንም አታደርግም። ሱልጣና በበኩሏ ልቧ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ዳገቱን ይወጣል። ሞተሩ ባቃሰተ ቁጥር አብራ ታቃስታለች።

ደሴ ሊገቡ ሲሉ ኬላው ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ጠባቂው ዘይኑልአቢዲን ይባላል። ገበሬ ማኅበሩ የመደበው፣ ጢሙ የሸበተ፣ ምንሽር ያነገተ ሰው ነው። ፈረንጇን ሲያይ የይለፍ ወረቀት ጠየቀ። ራድካ ጠመንጃውን ስታይ ወረቀቱን ከጉያዋ አወጣች። ዘይኑልአቢዲን ማኅተሙ የት እንዳለ አይቶ ወረቀቱን አቃናው፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።

"እንግዲህ ታገሡኝ። ፊደል የቆጠርሁት ዘንድሮ ነው።"

ከፊት የተቀመጠው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ወልደ ሚካኤል የሚባል ባለ መነጽር ሰው፣ አምጣው ባንድ አፍታ ላንብብልህ ብሎ እጁን ዘረጋ።

"እርስዎ ካነበቡልኝ እኔ ምን ተማርሁ?" አለ ዘይኑልአቢዲን። "ምስክር ወረቀቴን እኮ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።"

ተሳፋሪው ሳቀ። ዘይኑልአቢዲን በጣቱ እየተከተለ ጀመረ። ስሟን አለፈ፤ የቡልጋሪያ የሚለውን በሁለት ትንፋሽ አለፈ። ከዚያ አንዱ ረጅም ቃል ላይ ቆመ። ተ አለ፤ ፈ አለ፤ መለሰና ተ አለ። ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ተራራ እያዘነበለች ነው። ሱልጣና መቀመጥ አልቻለችም። ተነሥታ አጠገቡ ቆመች፤ ወረቀቱን አየች። ከመማሪያ መጽሐፏ ውጭ የተጻፈ ነገር በሰው ፊት አንብባ አታውቅም፤ በክፍል ውስጥ እንኳ ስትጠራ ድምጿ ይጠፋባት ነበር። አሁን ግን ቃሉ ከልጅቱ ማሕፀንና ከእናቲቱ መካከል የቆመ አጥር ሆኖ ታያት።

"ተ፣ ፈቅ፣ ዶ" አለች። "ተፈቅዶ። ላ፣ ቸ፣ ዋል። ተፈቅዶላቸዋል።"

ዘይኑልአቢዲን ገርሞት አያት። ነይ እስቲ ብሎ ወረቀቱን ወደ እሷ አስጠጋው። እንዲጓዙ የሚለውን ሁለቱ አንድ ላይ አነበቡት። ከኋላቸው ዶሮ የታቀፈች ሴት አንገቷን አስግጋ የሚቀጥለውን ነጠቀቻቸው። ከመካከለኛው ወንበር አንድ ሸማኔ ተነሣ። በዚያ ዓመት ፊደል ያልቆጠረ ሰው እምብዛም አልነበረምና፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አውቶቡሱ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሆነ። አንዱ ሲስት ሌላው ያርማል፤ የታረመው ደግሞ እኔም እሱኑ ነው ያልሁት ይላል። ወልደ ሚካኤል እጁን አጣጥፎ ከንፈሩን እየነከሰ ይጠብቃል። በመጨረሻው መሥመር ላይ "ወደ ደሴና አካባቢዋ" የሚለውን ሁሉም በአንድ ድምፅ አሉት።

ዘይኑልአቢዲን ወረቀቱን ተቀበለና ሴትዮዋ ወዴት እንደሆነች ጠየቀ። ቦሩ ሜዳ አለችው ሱልጣና። ቦሩ ሜዳ የሚል አልተጻፈም አለ። በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ሸማኔው ቦሩ ሜዳ ራሱን የቻለ አገር ነው አለ። ዶሮ የታቀፈችው ሴት፣ አንተ ሲያምህ ሩጠህ የምትሄድበት አካባቢህ ካልሆነ ምንህ ነው ብላ አፋጠጠችው። ዘይኑልአቢዲን ወደ ሱልጣና ዞሮ ሴትዮዋ ምኗ እንደሆነች ጠየቃት።

"ምኔም አይደለች" አለች ሱልጣና። ድምጿ አልጠፋም። "ልጇ ልትወልድ ነው። ሐኪሟ ናት። ዛሬ ካልደረሰች ነገ አትደርስላትም።"

ዘይኑልአቢዲን ወረቀቱን እንደ ነበረ አጥፎ ለራድካ መለሰላት።

"ልጅ የሚወለድበት ሁሉ አካባቢ ነው" አለ። "ሂዱ።"

መጀመሪያ ያጨበጨበው ወልደ ሚካኤል ነው።

ደሴ ሲገቡ ጉም ከተማውን ሸፍኖታል፤ ብርዱ አጥንት ይነካል። ሱልጣና በእህቷ ቤት ጥድፊያ ጋቢዋን ትታ ወጥታለች። ጥርሷ ሲንገጫገጭ ራድካ ሰማች። ቀኑን ሙሉ ያላበችበትን ካፖርት ከፈት አደረገችና ሱልጣናን በግማሹ አስገባቻት። ሁለቱ እናቶች በአንድ ካፖርት፣ በአራት እግር፣ የሰኞ ገበያን ግርግር እየሰነጠቁ አለፉ። በግ የሚጎትተውም፣ ጨው የሚመዝነውም ቆሞ አያቸው። አልጣሽ ከበርበሬው ጀርባ አየቻቸው።

"ሱልጣና፣ የአገሩ ምጥ አልበቃ ብሎሽ ከባሕር ማዶ አስመጣሽ?"

ሱልጣና መልስ የምትሰጥበት ጊዜ አልነበራትም። በገበያው ጫፍ በቦሩ ሜዳ በኩል የምታልፍ የጭነት መኪና ሞተሯን አስነሥታለች። ሾፌሩ ኑርሁሴን ቦታ የለም አለ። ከረጢቱ እስከ አፉ ተጭኗል፤ ከረጢቱ ላይ ገበያተኞቹ ተጭነዋል። ፈረንጅ ከላይ ብትወድቅብኝ ለማን ለማን መልስ እሰጣለሁ ብሎ እጁን አወናጨፈ። እውነቱን ነው። በዚያ ዘመን በፈረንጅ ጉዳይ ከመጠየቅ መኪናውን ገደል መክተት ይሻል ነበር።

ሱልጣና ከእሱ ጋር አልተከራከረችም። ቀና አለችና ከከረጢቱ ላይ ለተቀመጡት የቦሩ ሜዳ ሴቶች ተናገረች።

"የሐኪሟ እናት ናት።"

ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ራድካን አዩዋት። ከዚያ አንዲት አሮጊት የዳነ ክንዷን ከቀሚሷ አውጥታ ወደ ራድካ ዘረጋችው። ሌላዋ እሷ ባትኖር እኔ ዛሬ ገበያ አልወጣም ነበር አለች። ሁሉም ተጠጋጉ፤ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ከየት እንደ መጣ አልታወቀም። ኑርሁሴን ይህን ሲያይ ጭንቅላቱን አከከና ጋቢናውን ከፈተ። ጋቢና የተቀመጠው ነጋዴው ባሽር ነበር፤ ብርድ የማይወድ ወፍራም ሰው።

"ውረድና ከላይ ውጣ" አለው ኑርሁሴን።

"ሐኪሟ እኮ እኔንም ወግታኛለች" አለ ባሽር እያለከለከ ሲወርድ። "የወጋችኝ ቦታ እስከ ዛሬ ለመቀመጥ አይመቸኝም። ይሁን፣ ለእናቷ ስል ቆሜ እሄዳለሁ።"

መንገዱን ኑርሁሴን እንደዚያ ነድቶት አያውቅም። ከላይ ሴቶቹ በየጉድጓዱ አላህን ይጠራሉ፣ በየሜዳው ይስቃሉ። ሱልጣና ጋቢና ውስጥ የራድካን እጅ ይዛለች፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አይለይም። የሆስፒታሉ ባሕር ዛፎች ሲታዩ ሱልጣና በጣቷ ጠቆመች። ራድካ ገባት። መኪናው ሳይቆም በሩን ልትከፍት ታገለች።

ሐኪሟ ከበረንዳው ላይ ነበረች። ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ አንድ እጇ ምሰሶው ላይ፣ አንድ እጇ ወገቧ ላይ፣ ጥቂት ትራመድና ቆማ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሱልጣና ያንን አረማመድ ከሩቅ አወቀችው። ምጡ ይዟታል። ራድካ ስሟን ጠራች። ልጅቱ ዓይኗን ስትከፍት፣ ከጭነት መኪና የምትወርደውን እናቷን፣ ከከረጢት ላይ የሚረግፉትን ገበያተኞች፣ ባሽርን ሻንጣ በራሱ ላይ ተሸክሞ አየች። የሕልም መሰላት። እናቷ ደርሳ ስታቅፋት፣ በሁለቱ መካከል ያ የወረደ ሆድ አለ፤ ለእሱ ሲሉ ጎንበስ ብለው ነው የተቃቀፉት።

በቋንቋቸው ብዙ ተባባሉ። ልጅቱ እያለቀሰች ትስቃለች፤ ምጡ ሲመጣ ሳቁን ታቋርጣለች፤ ሲያልፍ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ከዚያ ወደ ሱልጣና ዞረች።

"መኪናው ነገ ነበር የሚሄደው። ነገ ወልጄ ነበር የምታገኘኝ፣ ወላሂ። እናቴ ምን ትላለች መሰለሽ፤ እነዚያ ደግ ሰዎች መቼ ይወስዱኛል እያልሁ ሆዴ እስኪፈነዳ በላሁ ትላለች።"

"እነሱም መቼ ትናገራለች እያሉ ነው ያረዱላት በያት" አለች ሱልጣና።

ራድካ ሲተረጎምላት ካፖርቷን ይዛ ከወገቧ ተሰብራ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ልጇን ደግፋ ወደ ውስጥ ገባች።

ኑርሁሴን ጉዞው ወደ ሌላ ነበር፤ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደገፈ። ሴቶቹም ወደየቤታቸው አልሄዱም። ከሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ዱአ ያዙ። ሱልጣና ብቻ መቀመጥ አቃታት። ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለሳለች፤ ውስጥ ጸጥ ሲል ትፈራለች፣ ድምፅ ሲሰማ ትፈራለች። አንዲት ሴት ነይ አረፍ በይ ብትላት፣ እኔ ካረፍሁ ማን ይጨነቅላታል አለቻት። ከጉሙ ማዶ ፀሐይዋ ልትገባ ትንሽ ስትቀር የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ቀጭን ነው፣ ግን የቆረጠ ነው። ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ ሴት መሆኗን፣ እናትየዋም ደህና መሆኗን ተናገረች።

ሱልጣና እልልታውን ጀመረች። በአገሩ ልማድ ለሴት ልጅ እልልታው አጠር ይላል፤ ለወንድ ይረዝማል። የእሷ ግን የሴቱን መጠን አለፈ። አንዲቱ ገበያተኛ ቀሚሷን ጎትታ፣ ሴት ናት እኮ የተባለው አለቻት። ሱልጣና ሰምታለች። አላቆመችም፤ የወንዱንም መጠን አለፈችው። ቀሚሷን የጎተተቻት ሴት ትንሽ አመነታችና እሷም ተከተለች። ሌሎቹም ተነሥተው ተቀበሏቸው፤ የሆስፒታሉ በሽተኞች በየመስኮቱ ብቅ አሉ፤ ባሽር ከመኪናው አጠገብ በመዳፉ ከረጢት እየደበደበ አጀበ።

ራድካ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፊቷ በእንባና በላብ ርሶ፣ በሩ ላይ ብቅ አለች። ድምፁ ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ለማን እንደሆነ ግን ገብቷታል። ሱልጣናን ፊት ለፊት እያየች አፏን ከፈተችና እሷም ሞከረችው። ምላሷ አልዞረላትም፤ የወጣው ድምፅ የአውራ ዶሮ ጩኸት ይመስል ነበር። ሴቶቹ ያንኑ ተቀብለው ከፍ አደረጉት።